ከተረፈ ጨርቅ የልጆች ብርድ ልብስ ሰፍቶ መለገስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ጓደኛችን ምድር ቤት እንገናኛለን። ስድስት ሴቶችና አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነን። ከተረፈ ጨርቅ የልጆች ብርድ ልብስ እንሰፋለን። ሆስፒታል ለተኙ፣ ከቤታቸው ለተለዩ፣ ክፉ ነገር ለደረሰባቸው ልጆች ይሄዳል። ፎቶውን ያየ ሁሉ ይጠይቀናል፤ ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። አንዳንዱ ረዝሟል። የረዘመው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ይሄ እኮ ድሪቶ ነው። ለሰው ልጅ ድሪቶ ይሰጣል?

እናቴም በስልክ ያለችኝ ይህንኑ ነው። «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ ዘንድ ድሪቶ የችግር ልብስ ነው። ያለው አዲስ ይለብሳል፣ የሌለው እራፊ በእራፊ ላይ ይደርባል። ዓለምን የተወ መናኝ ካልሆነ በቀር ወዶ የሚለብሰው የለም።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ድሪቶ የሚጣፈው ቀዳዳ ለመድፈን ነው፤ በተቀደደበት ቦታ፣ በተገኘው እራፊ። እኛ የምንሰፋው ግን ከመጀመሪያው ታስቦበት ነው። ቀለሙ ይመረጣል፣ በልክ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይገጣጠማል። ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል። ሦስት ድርብ አለው፦ ከላይ የተገጣጠመው ፊት፣ መሃል የሚያሞቀው ጥጥ ወይም ሌላ ሙሌት (ባቲንግ ይሉታል)፣ ከሥር ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከላይ እስከ ሥር የሚያልፈው ስፌት ነው።

አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለ። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ለቤተሰባቸው ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ቤታቸው ይበርድ ነበርና። በ1966 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ላይ ሆነው ሥራቸውን የሚሸጡበት ማኅበር አቋቋሙ። በ2002 ያ ብርድ ልብስ ኒውዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አድርጎ አተመው። ሱሪው ያው ሱሪ ነው። ሙዚየም ያስገባው የሴቶቹ ዓይንና እጅ ነው።

ከዚህ የሚቀርበን ሌላ ታሪክ አለ። ሕንድ አገር፣ ካርናታካ ውስጥ ሲዲ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። «ሀብሺ» ተብለውም ይጠራሉ። አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ፣ አንዳንዶቹም ከእኛው አገር የሄዱ ናቸው። ሴቶቻቸው ካረጀ ልብስ ካዋንዲ የሚባል ብርድ ልብስ በእጅ ይሰፋሉ። ከዳር ጀምረው እየዞሩ ወደ መሃል ይገባሉ። አራቱ ማዕዘን ላይ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ ትንሽ ጨርቅ ያደርጋሉ፤ ፉላ ይሉታል፣ አበባ ማለት ነው። ያለ እሱ ሥራው አለቀ አይሉም። ይህን ስነግራት እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የማዕዘኑን አበባ እንዴት ነው የሚያጥፉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኛ ጋ አንድ ሕግ አለ። ጨርቁ የተረፈ ቢሆንም ሥራው የተረፈ አይምሰል። ለራሴ ልጅ አልጋ ላይ የማልዘረጋውን ለማንም ልጅ አልሰጥም። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚወጣ ነው።

ለማን ነው የምትሰጡት?

መጀመሪያ ተቀባዩን ፈልጉ፣ ከዚያ ስፉ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያደርገዋል። አምስት ሰፍቶ ሲጨርስ ነው ስልክ የሚደውለው። ያኔ መጠኑ አይሆንም ይባላል፣ ወይም ክፍሉ ሞልቷል ይባላል።

አሜሪካ ላላችሁ ቀላሉ በር ፕሮጀክት ላይነስ ነው። ስሙ የመጣው ብርድ ልብሱን ከእጁ ከማይለየው የካርቱን ልጅ ነው። በ1995 የገና ሰሞን አንዲት የኮሎራዶ ሴት ስለ አንዲት የደም ካንሰር ታማሚ ልጅ መጽሔት ላይ አነበበች። ልጅቷ ያን ከባድ ሕክምና ያለፈችው ብርድ ልብሷን ይዛ ነበር። ሴትየዋም ዴንቨር ላለ የልጆች ካንሰር ማዕከል ብርድ ልብስ መስጠት ጀመረች። ዛሬ ቅርንጫፎቹ በመላው አሜሪካ አሉ። ከተወለደ ሕፃን እስከ 18 ዓመት ልጅ ድረስ ያዳርሳሉ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ አዲስ ይሁን፣ በእጅ የተሠራ ይሁን፣ ማጠቢያ ማሽን የሚችል ይሁን። መጠኑን የአካባቢያችሁን አስተባባሪ ጠይቁ፤ እንደየቦታው ይለያያል።

ወደ ሌላ አገር የሚላክ መስፋት የሚፈልግ ደግሞ ሉተራን ወርልድ ሪሊፍን ይጠይቅ። እነሱ የሚፈልጉት ትልቅ ነው፣ 60 በ80 ኢንች። ጦርነትና አደጋ ላፈናቀላቸው ቤተሰቦች ይደርሳል። እዚያ ደህና ይዞታ ላይ ያለ አንሶላም ለገበር ይሆናል።

ከእነዚህ ሌላ በቅርባችሁ ያለውን አትርሱ። የልጆች ሆስፒታል፣ የሴቶች መጠለያ፣ ወላጆቻቸው ጋ መኖር ያልቻሉ ልጆችን በአደራ ቤተሰብ ዘንድ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ልዩ ነው። እነዚህ ልጆች አንዳንዴ ንብረታቸውን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይዘው ነው ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩት። በእነሱ ስም የተሰፋ አንድ ነገር መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ስደት ላይ ያለ ሰው አይጠፋውም።

ለአራስ ሕፃን ሰፍቼ አልጋው ውስጥ ባለብሰውስ?

አይሆንም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ 12 ወር እስኪሞላው ድረስ በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ለስላሳ አሻንጉሊት እንዳይኖር ይመክራል። ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ለሕፃን የሚሰፋው ወለል ላይ ሲጫወት የሚነጠፍለት፣ ወይም ሰው እያየው በጋሪ ላይ የሚደረብ ነው። ስትሰጡ ይህን በትንሽ ወረቀት ጻፉበት። እናትየዋ ላታውቅ ትችላለች።

ነጻ ንድፍ ከየት ይገኛል? መግዛት የለብኝም?

የለባችሁም። ጨርቅ አምራቾች አዲስ ጨርቅ ሲያወጡ በዚያው ጨርቅ የሚሰፋ ንድፍ በነጻ ድረ ገጻቸው ላይ ይለቃሉ። ባቲንግ፣ ክርና የስፌት መኪና የሚሸጡትም እንዲሁ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶቹም የራሳቸው ንድፍ አላቸው፤ እሱን ብትጠቀሙ መጠኑ ስለተስተካከለ ጣጣ የለውም። የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አለ።

ነጻ ማለት ግን የፈለጋችሁትን አድርጉበት ማለት አይደለም። ንድፉ የሠራው ሰው ንብረት ነው። ለራሳችሁ አትማችሁ ስፉበት። ለጓደኛ ስትልኩ ወረቀቱን ኮፒ ከማድረግ ይልቅ ያገኛችሁበትን ገጽ ላኩላት። የተሰፋውን ልትሸጡ ካሰባችሁ ደግሞ ከሥር የተጻፈውን አንብቡ። አንዳንዱ ለሽያጭ አይፈቅድም።

የድሮዎቹ ንድፎች የማንም አይደሉም። ዘጠኝ ካሬ ሦስት በሦስት የሚደረደርበት ናይን ፓች፣ ቅዳጅ ጨርቅ ጎን ለጎን የሚሰፋበት ሬይል ፌንስ፣ ከመሃል ካሬ ተነስቶ እየዞረ የሚያድገው ሎግ ካቢን። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲሰፋቸው የኖሩ ናቸው። ለቁርጥራጭ የሚመቹትም እነዚህ ናቸው፤ መጀመሪያውኑ በቁርጥራጭ የተፈጠሩ ስለሆኑ። ለጀማሪ ኮከብና ክብ ያለበትን አልመክርም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተስፋ አስቆርጦ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

የመጀመሪያዬን በምን ልጀምር? ልኩን ንገሪኝ።

በካሬ ጀምሩ። ልጅ ሆነን የተጫወትንበትን የዳማ ገበታ አስቡ።

5 ኢንች በ5 ኢንች የሆኑ 80 ካሬዎች ቁረጡ። 40 ጠቆር ያለ፣ 40 ፈካ ያለ። አንድ ጠቆር፣ አንድ ፈካ እያደረጋችሁ ስምንቱን በአንድ ረድፍ ስፉ። አሥር ረድፍ ይወጣችኋል። ሁለተኛውን ረድፍ በፈካው ጀምሩ፣ ሦስተኛውን በጠቆረው፣ እንደዚያ እያላችሁ። ከእያንዳንዱ ዳር ሩብ ኢንች ስፌት ውስጥ ስለሚገባ አንዱ ካሬ 4.5 ኢንች ሆኖ ይቀራል። ስምንት በአሥር ሲሆን 36 በ45 ኢንች ነው፤ ለትንሽ ልጅ ልክ ነው።

ረድፎቹን ከማገናኘታችሁ በፊት ካውያ አድርጉ። የመጀመሪያውን ረድፍ ስፌቶች ወደ ቀኝ አስተኙ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ። ያኔ ሁለቱ ረድፎች ሲገናኙ ስፌቱ ከስፌቱ ጋር ቁልፍ ይሆናል፣ ማዕዘኑም ይገጥማል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ሁለት ሰፍቻለሁ። ማዕዘኖቹ ሁሉ ዘለው ነበር።

ገበሩና መሃል የሚገባው ጥጥ ከፊቱ በየዳሩ ሁለት ሁለት ኢንች ይትረፍ። ማለትም 40 በ49። የኩዊልት ጨርቅ ወርዱ 42 ኢንች አካባቢ ስለሆነ አንድ ያርድ ተኩል ይበቃል። ለጠርዙ 2.5 ኢንች ስፋት ያላቸው አምስት ቅዳጆች ከሙሉው ወርድ ቁረጡ። አራት አይበቃም፤ ዙሪያው 162 ኢንች ነው፣ ማዕዘን መታጠፊያና መጋጠሚያም ይበላል።

በሴንቲሜትር ለምትሠሩ፦ 12 በ12 ቁረጡ፣ ከዳር 0.75 አስገብታችሁ ስፉ። 10.5 ይቀራል። ዘጠኝ በአሥራ አንድ ብትደረድሩ 94.5 በ115.5 ይወጣል። የሚያስፈልገው 99 ካሬ ነው።

ሩብ ኢንች ሩብ ኢንች የምትሉት ለምንድን ነው? ትንሽ ቢሳሳትስ?

ትንሽ ስህተት ይደመራል። ስምንት ካሬ ለማገናኘት ሰባት ስፌት አለ። በየስፌቱ ከሁለቱም ጨርቅ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብቻ ብታበልጡ፣ ረድፉ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ኢንች ያጥራል። ሁሉም ረድፍ እኩል ቢያጥር ችግር የለውም፤ ብርድ ልብሱ ትንሽ ያንሳል፣ በቃ። ግን አንዱን ረድፍ እርስዎ፣ ሌላውን እኔ ብንሰፋው አይገጥምም። ስለዚህ በማኅበር ስትሰፉ ሁላችሁም መጀመሪያ ሁለት ካሬ ሰፍታችሁ ለኩ። ሁለቱ አንድ ላይ 9.5 ኢንች ከሆኑ ቀጥሉ። አለበለዚያ መኪናው ላይ ምልክት የሚሆን ፕላስተር ለጥፉና አስተካክሉ።

የትኛው ጨርቅ ይሆናል?

ንጹሕ ጥጥ። ቀጭን ሳይሆን፣ ካኪ ያህልም ሳይወፍር። የሸሚዝ ፖፕሊን ጥሩ ነው። አቡጀዲ ለገበር ግሩም ነው፤ ርካሽ፣ ጠንካራ፣ በታጠበ ቁጥር የሚለሰልስ።

ቁራጩ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ጥቂት ክር ምዘዙና መታጠቢያ ገንዳ ላይ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከጥጥ ጋር አንድ ላይ ሲሰፋ ጥጡ በካውያና በውኃ ይሰበሰባል፣ እሱ አይሰበሰብም። ፊቱ ይጨማደዳል።

የሚለጠጥ የቲሸርት ጨርቅ፣ ከፋይ፣ ሳቲን፣ ብልጭልጭ ያለበት ነገር ተዉት። ጂንስ ለታዳጊ ወንዶች ይሆናል፤ ግን ብቻውን፣ ከቀጭን ጥጥ ጋር ሳይደባለቅ።

የሐበሻ ቀሚስ ቁራጭ ብዙ ሰው ያመጣልናል። ውብ ነው። ለመጣል ያሳዝናል። ችግሩ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሳሳ ያለ ነው፣ ሲቆረጥ ዳሩ ይፈታል፣ በማሽን ሲታጠብም ስፌቱን ለቆ ይወጣል። ጥበቡ ደግሞ አብረቅራቂ ክር ካለው የልጅ ቆዳ ይፍቃል። እኛ ያደረግነው መፍትሔ ይህ ነው፦ መነኑን ከመቁረጣችን በፊት በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ከጀርባው እንለጥፍበታለን፣ ስፌቱንም ሩብ ሳይሆን ግማሽ ኢንች እናስገባለን። ሙሉ ብርድ ልብስ በእሱ አንሠራም። ከማይፈቅ ጥበብ አንድ ረድፍ ብቻ መሃል ላይ እናገባለን። ያ አንድ ረድፍ ከየት እንደመጣን ይናገራል።

ቁርጥራጩን ከየት ታመጣላችሁ?

ቀድሞ ብዙዎቻችን የጥቅል ማለቂያ ቁራጮችን በርካሽ እንገዛ የነበረው ከጆአን ነው። በ2025 ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። አሁን ከትናንሽ የኩዊልት ሱቆች፣ ጡረታ ወጥተው የስፌት ክፍላቸውን ከሚያራግፉ አሜሪካውያን እናቶች እናገኛለን። እነዚህ እናቶች አርባ ዓመት የሰበሰቡትን ጨርቅ ተረካቢ ሲያጡ ይጨነቃሉ። ለልጆች ብርድ ልብስ ነው ስትሏቸው ሣጥኑን ከነመደርደሪያው ይሰጧችኋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከእኛ ይልቅ ቀርቧችኋል። በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ያለ ልብስ ሰፊ ከእግሩ ሥር የሚጠርገው አለው። መርካቶና ሽሮ ሜዳ በየቀኑ ስንት ይቆረጣል! ከአንድ ሰፊ ጋር ተስማሙ። ከረጢት ስጡትና ጥጥ ጥጡን እንዲለይላችሁ በሳምንት አንዴ ሻይ ጋብዙት።

ከመዳፍ ያነሰ ቁራጭ ምን ላድርገው? ብላችሁ የምትጠይቁም አላችሁ። አታስጨንቁት። 2.5 ኢንች ካሬ ከወጣለት ይጠቅማል። ካልወጣለት ለልጃችሁ የአሻንጉሊት ትራስ መሙያ ይሁን።

ማጠብ የግድ ነው?

ከመቁረጥ በፊት እጠቡ። ጥጥ ይሰበሰባል፣ ቀለምም ይለቃል።

ሁለተኛው ሥራዬ ነጭና ቀይ ነበር። ቀዩን ሳላጥብ ሰፋሁት። ወር ሙሉ የለፋሁበት ነው። ከማስረከቤ በፊት ማሽን ውስጥ ከተትኩት፣ ሲወጣ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኗል፣ ያውም ዥንጉርጉር። ተቀምጬ አለቀስኩ። ለመስጠት የማይሆን ስለነበር ቤቴ ቀረ። አሁን ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ ጨርቅ ሁሉ በሙቅ ውኃ ውስጥ ከነጭ ጨርቅ ጋር ሳልዘፈዝፍ አልቆርጥም። ነጩ ነጭ ሆኖ ከወጣ አለፈ። ሦስት ጊዜ ታጥቦም የሚለቅ ከሆነ ለልጅ አይሆንም።

ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ይታጠብ። ሽታ በሌለው ሳሙና። እዚህ ላይ ለእኛ ለሐበሾች ለብቻው የምነግራችሁ አለኝ።

ምንድን ነው እሱ?

ጥጥ ሽታ ይጠጣል። ቤታችን ቁሌት ይቁላላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። እኛ ለምደነው አይሸተንም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ግን ትንሽ ሽታ ያስመልሰዋል። አስተባባሪዎቹም የሲጋራ፣ የሽቶ ወይም የምግብ ሽታ ያለበትን ለሆስፒታል አይልኩትም። ስለዚህ ጨርቁን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን አስቀምጡ፣ ታጥቦ የደረቀውን ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ አሽጉ፣ ቡና በምታፈሉበት ክፍል አትስፉ። እኛ ቡናውን ወደ ላይኛው ቤት ወስደነዋል። ሥራ ሲያልቅ እንወጣለን።

የስፌት መኪና የለኝም። በእጅ ይሆናል?

ይሆናል። ድሮ በምን ይሰፋ ነበር? ፊቱን በእጅ ለመገጣጠም ቀጥ ያለ ትንንሽ ስፌት ይበቃል። በየአምስት ስድስቱ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አጥብቁት። ጠርዙን በዘምዘማ ጨርሱ፤ መኪና ያላቸውም እንኳ ብዙዎቹ ጠርዙን በእጅ ነው የሚዘጉት።

ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ ለመያዝ ደግሞ ቋጠሮ የሚባል አቋራጭ አለ። ወፍራም የጥጥ ክር በየአራት አምስት ኢንቹ ከላይ ወደ ሥር፣ ከሥር ወደ ላይ አሳልፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥብቅ አድርጋችሁ ትቋጥራላችሁ። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው እየቋጠሩ የሚጫወቱበት ሰዓት ነው፤ ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አትቋጥሩ። ቋጠሮውን ነቅሎ አፉ ያስገባዋል። በዚሁ ምክንያት ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ሪባን አይደረግም።

መኪና ካላችሁ ቀጥ ያለ መስመር ስፉ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ፤ ከዳር ከጀመራችሁ መሃሉ ያብጣል። ከዚያ በፊት ሦስቱን ድርብ በየመዳፉ ርቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዙ። ቁልፎቹን ስታስገቡ ቁጠሩ፣ ስታወጡም ቁጠሩ። እኛ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። አንድ ከጎደለ ብርድ ልብሱ ከክፍሉ አይወጣም።

መሃሉ ላይ ያረጀ ጋቢ ባገባስ?

ለራሳችሁ ልጅ ወይም ለጎረቤት ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ታጥቦ ታጥቦ የተሰበሰበ ጋቢ ከእንግዲህ አያጥርም፣ ይሞቃል፣ ክብደቱም ደስ ይላል። የአያት ጋቢ በልጅ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ይቀጥላል። ጋቢ በራሱ አራት ድርብ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ለዩት።

አዲስ ብቻ ለሚቀበሉ ድርጅቶች ግን አይሆንም። ለእነሱ ባቲንግ ግዙ። ጥጥ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ፖሊስተር ቀሎ ያብጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ማሸጊያው ላይ ስፌት ከስፌት ምን ያህል መራራቅ እንደሚችል ተጽፏል። እሱን ካለፋችሁ መሃሉ ታጥቦ ይሰበሰባል፣ ብርድ ልብሱም እንደ ጆንያ ይሆናል።

ለስንት ዓመት ልጅ ነው በብዛት የሚያስፈልገው?

ሁሉም ሰው ለሕፃን ይሰፋል። ሮዝ፣ ቢጫ፣ ጥንቸል። ደስ ስለሚል ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የ14 ዓመት ልጅ ግን ይረሳል። እሱም ይታመማል፣ እሱም ይፈራል፣ ጥንቸል ያለበትን ግን ሰው ፊት አይለብስም። አስተባባሪዋን የትኛው መደርደሪያ እንደጎደላት ስንጠይቃት ሁልጊዜ «የትልልቆቹ» ነው የምትለን።

ለታዳጊ ቢያንስ 45 በ60 ኢንች፣ ቢቻል ከዚያም ይርዘም። እግሩ ከወጣ አይጠቅመውም። ቀለሙ ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። የወንድ ሸሚዝ ቁርጥራጭ እዚህ ጋ ነው የሚያምረው። ያለንን ጥቁርና ሰማያዊ ባለመስመር ጨርቅ ሁሉ ለእነሱ ነው የምናስቀምጠው።

ሰፍቼ ወደ አገር ቤት ልላክ?

ሐሳቡ የሁላችንም ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። አዲስ አበባም ሐምሌና ነሐሴ ያንቀጠቅጣል። ግን ብርድ ልብስ ቦታ ይፈጃል። 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ጥቂት ከገባ ሌላ አይገባም። በዚያ ወጪ እዚያው ጨርቅ ተገዝቶ፣ ለሰፊ ተከፍሎ ከዚያ በላይ ይሰፋል። ሰፊውም ይጠቀማል።

እኔ የምልከው ሌላ ነው። ተንከባላይ ምላጭ ያለው መቁረጫ፣ ኢንች የተጻፈበት ግልጽ ማስመሪያ፣ ጥሩ መርፌ። ባሕር ዳር ያለች የአጎቴ ልጅ ከጎረቤቶቿ ጋር ጀምራለች። ንድፉን በስልክ ፎቶ አንስቼ ልኬላታለሁ፤ ከነጻዎቹ ሳይሆን የዳማ ገበታውን፣ በሴንቲሜትር ቀይሬ። መቁረጫውን በእጅ ሻንጣ አትያዙት፣ ይወሰድባችኋል።

ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል?

ለጀማሪ ሦስት ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ተኩል። ፊቱ በነጻ ከተገኘ ወጪው ባቲንግ፣ ገበርና ክር ነው። አሜሪካ ላላችሁ፦ ዕውቅና ላለው ድርጅት ከሰጣችሁ የዕቃውን ደረሰኝ ያዙ፤ ግብር ስታሳውቁ ሊያዝላችሁ ይችላል። የሰፋችሁበት ሰዓት ግን አይቆጠርም።

ስሜን ልጻፍበት?

የአባት ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ አይጻፍ። ትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ በማይለቅ ቀለም አጭር ነገር ጽፋችሁ ከገበሩ ማዕዘን ላይ ስፉ። እኛ «በፍቅር የተሰፋልህ» ወይም «የተሰፋልሽ» እንላለን፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ። ሥዕል መሰለኝ ብሎ ፊደላችንን በጣቱ የተከተለ ልጅ እንዳለ አንዲት ነርስ ነግራናለች። ስለ እግዚአብሔርና ስለ መዳን አትጻፉ። ጸልዩለት፣ ግን ጨርቁ ላይ አታድርጉት። የልጁን ቤተሰብ ሃይማኖት አናውቅም።

እናቴ ከኛ ጋ ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፣ መርፌ አትሰካም። ይዣት ልምጣ?

ይዘሻት ነይ። ካሬዎቹን ጠቆርና ፈካ አድርጎ መለየት ዓይን ጠንካራ አይፈልግም፤ እንዲያውም ብዥ ብሎ ሲታይ ጠቆሩና ፈካው ይበልጥ ይለያል። እኛ ሆን ብለን ዓይናችንን ጨፈን አድርገን ነው የምናየው። ካውያውም አለ። ከካውያው አጠገብ ከወገብ የሚደግፍ ወንበር አስቀምጠናል። ባለፈው ወር አንዲት እማማ ከዚያ ወንበር ሳይነሱ 160 ካሬ ካውያ አደረጉ፤ የሁለት ልጆች ብርድ ልብስ ነው።